እየሠሩ አይቲ መማር፦ ማታ ወይስ ቅዳሜና እሁድ?

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 29 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት በኮምፒውተር ጥገና ባለሙያነት እሠራለሁ። በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ በደረጃ 4 ተመርቄ ሲኦሲ የተባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አልፌያለሁ። የሦስት ዓመት ልጅ አለችኝ። አሁን በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዲግሪዬን በኤክስቴንሽን መማር እፈልጋለሁ። ማታ ልማር ወይስ ቅዳሜና እሁድ? ስንት ዓመት ይፈጅብኛል? ዲግሪውስ ከቀን ተማሪ ዲግሪ እኩል ይታያል? ጥገናውን ስለምታውቂው ትምህርቱ ይቀልሻል የሚሉኝም አሉ፤ እውነት ነው?»

ምላሽ፦ አጭር መልስ ያለውን ጥያቄ ላስቀድም። ዲግሪው እኩል ነው። የሚማሩበት ሥርዓተ ትምህርት ከቀኑ ተማሪ ጋር አንድ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ፣ በመንግሥትም ይሁን በግል ተቋም፣ በቀንም ይማር በማታ፣ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ስለዚህ ዱሮ «የማታ ነው» እየተባለ ይሰነዘር የነበረው ንቀት ዛሬ የቆመበት መሠረት የለውም። እርስዎ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደመሥራትዎ ዲግሪው የሚያስገኘው ጥቅምም ግልጽ ነው፤ ለደረጃ እድገት ሲወዳደሩ የሥራ መደቡ የሚጠይቀው የትምህርት ዝግጅት ከሌለዎት የቱንም ያህል የዓመታት ልምድ ቢኖርዎ ማመልከቻዎ ከመነሻው ወደ ጎን ይባላል። በግል ድርጅት የኔትወርክ ባለሙያ ለመሆን ብቻ የሚያስቡ ቢሆን ኖሮ ከዲግሪው በፊት ሲሲኤንኤ የተባለውን፣ የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ የሚሰጠውን ፈተና ያስቡበት እል ነበር፤ ለእርስዎ ሁኔታ ግን ዲግሪው ይቀድማል።

«ይቀልሻል» የሚሉት ሰዎች በግማሽ ልክ ናቸው። የኔትወርክ ገመድ ጫፍ የሆነውን አርጄ 45 በክሪምፐር ሲያስሩ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ የሚለውን ቅደም ተከተል እጅዎ ሳያስበው ይሠራዋል፤ ብዙ የቀን ተማሪ ይህን በላብ (በቤተ ሙከራ) ውስጥ የሚነካው ከአንድ ወይም ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቅዎ ግን በአመዛኙ ሌላ ነው። ለምሳሌ፣ 192.168.10.0 የተባለው ኔትወርክ በ26 ቢት ማስክ (ከአድራሻው ስንቱ ቢት የኔትወርኩ እንደሆነ በሚያሳየው ቁጥር) ተከፋፍሎ ሳለ 192.168.10.77 የሚለው አድራሻ የየትኛው ንዑስ ኔትወርክ እንደሆነ በወረቀት ላይ እንዲያሰሉ ይጠየቃሉ። አድራሻው ካለው 32 ቢት 26 ሲቀነስ 6 ይቀራል፤ 2 በ6 ሲነሣ 64 ይሆናል፤ ስለዚህ ንዑሳን ኔትወርኮቹ ከ0፣ ከ64፣ ከ128 እና ከ192 ይጀምራሉ። 77 የሚያርፈው በሁለተኛው ላይ ነው፤ የዚያ ኔትወርክ አድራሻ 64፣ ብሮድካስቱ (ለሁሉም የሚላክበት አድራሻ) 127 ሲሆን ለኮምፒውተሮች የሚታደሉት ከ65 እስከ 126 ያሉት 62 አድራሻዎች ናቸው። በቢሮዎ ሁሌ ከተጻፈልዎ ወረቀት ላይ አይፒውን እየገለበጡ ከሆነ ይህ ስሌት አዲስ ይሆንብዎታል፤ ግን ምን ለማለት እንደተፈለገ በዓይንዎ ያዩት ነገር ስለሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገባዎታል። የሥራ ልምድዎ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፣ በኔትወርክ፣ በኮምፒውተር አደረጃጀትና በኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርሶች።

በፕሮግራሚንግ ግን ልምድዎ እምብዛም አይረዳዎትም፤ የማታ የአይቲ ተማሪዎችን በብዛት ሲያንገዳግድ የማየውም ይኸው ኮርስ ነው። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይሰጣል፤ ፈተናው ደግሞ ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ ኮድ መጻፍ ነው። ተማሪው ሀንድአውቱን ይሸመድዳል፣ በክፍል ውስጥ መምህሩ የጻፈው ፕሮግራም ሲሠራ ያያል፣ ገብቶኛል ብሎ ይሄዳል። ቤቱ ገብቶ የሦስት ፈተና ውጤቶችን አማካይ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ሲጽፍ 70፣ 80 እና 85 ያስገባል፤ ድምሩ 235 ለ3 ሲካፈል 78.33 መሆን ሲገባው ፕሮግራሙ 78 ብሎ ዝም ይላል። ምንም ስህተት አልተጻፈበትም፣ ቀይ መስመርም የለም። ምክንያቱ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ ሲ ፕላስ ፕላስ ነጥቡን ጥሎ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ስለሚያስቀር ነው፤ መልሱን የሚይዘው ተለዋዋጭ ዳብል (ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) ተብሎ ቢታወጅ እንኳ ነጥቡ ቀድሞ ስለወደቀ የሚገኘው 78 ነው። የቀን ተማሪ ይህን ሲያጋጥመው ከጎኑ ያለውን ልጅ ይጠይቃል፣ ዶርም ውስጥ የሚያውቅ አይጠፋም። የማታ ተማሪ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ብቻውን ተቀምጦ አንድ ሌሊት ሊያቃጥልበት ይችላል፤ ሁለት ሦስት ሌሊት እንዲህ ካለፈ በኋላ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ይላል። የጎደለው ችሎታ አይደለም፣ በኪቦርድ ላይ የሚቀመጥበት ሰዓትና የሚጠይቀው ሰው ናቸው። ከእርስዎ ጋር በምሽት በስልክ የሚነጋገር አንድ የጥናት ጓደኛ በመጀመሪያው ወር ያብጁ፤ ከክፍሉ ጎበዝ መሆን የለበትም፣ ሥራውን ከልቡ የሚሠራ ይሁን እንጂ።

እንግዲህ ወደ ሰዓቱ ስሌት እንግባ፤ «ስንት ዓመት ይፈጅብኛል» ለሚለው ጥያቄዎ መልስ የሚገኘው ከዚሁ ነው። በሥርዓተ ትምህርቱ አንድ ባለ 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) ኮርስ ክፍሉን፣ ላቡንና የግል ጥናቱን ጨምሮ 135 ሰዓት የተማሪ ሥራ ይጠይቃል ተብሎ የተቀረጸ ነው። በ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ስምንት ሰዓት ተኩል ግድም ይሆናል። አራት ኮርስ ቢይዙ በሳምንት 34 ሰዓት፣ ሦስት ቢይዙ 25 ሰዓት ማለት ነው። በሳምንት አምስት ምሽት ሦስት ሦስት ሰዓት ክፍል ቢቀመጡ 15 ሰዓቱ ይሸፈናል፤ በሦስት ኮርስ ከክፍል ውጭ 10 ሰዓት፣ በአራት ኮርስ ደግሞ 19 ሰዓት ይቀርዎታል። የሙሉ ቀን ሥራና የሦስት ዓመት ልጅ ላለው ሰው በሳምንት 10 ሰዓት ማግኘት ከባድ ቢሆንም ይቻላል። 19 ሰዓት አገኛለሁ ብለው ግን ራስዎን አያታልሉ።

ፍሬሽማኑን (የመጀመሪያውን ዓመት) ጨምሮ በቀን በአራት ዓመት የሚጠናቀቀው ትምህርት በአጠቃላይ ወደ 240 ኢሲቲኤስ ይደርሳል። በየመንፈቁ አራት ኮርስ፣ ማለትም 20 ኢሲቲኤስ ቢወስዱ 12 መንፈቅ ይሆናል፤ ክረምቱን እንደ ሦስተኛ መንፈቅ የሚያስተምር ተቋም ከሆነ በአራት ዓመት፣ ካልሆነ በስድስት ዓመት ይጨርሳሉ። በሦስት ኮርስ ከሄዱ መንፈቆቹ 16 ስለሚሆኑ ክረምት ካለ አምስት ዓመት ከአንድ መንፈቅ፣ ከሌለ ስምንት ዓመት ነው። ስለዚህ ተቋሙ በክረምት ያስተምር እንደሆነ መጠየቅ ከክፍያው መጠን ያልተናነሰ ቁም ነገር ነው። የእኔ ምክር በመጀመሪያዎቹ ሁለት መንፈቆች ሦስት ሦስት ኮርስ ይዘው፣ አቅምዎን ካዩ በኋላ ወደ አራት እንዲያድጉ ነው። «ክፍሉ የሚሄደው በአራት ነው፣ መነጠል አይቻልም» የሚል ሬጅስትራር ካጋጠመዎ ከመክፈልዎ በፊት ይወቁት።

ዓመት የሚያስጨምረው ሌላው ነገር የኮርሶች ሰንሰለት ነው፤ ተማሪዎች ከረፈደ በኋላ የሚያውቁት ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የመጀመሪያውን ፕሮግራሚንግ ሳያልፉ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግና ዳታ ስትራክቸር አይወስዱም፤ እነዚያን ሳያልፉ ከዚያ በላይ ያሉት የሞባይል አፕሊኬሽንና መሰል ኮርሶች ይዘጋሉ። በኔትወርክ በኩልም ዳታ ኮሙኒኬሽን ሳይወሰድ ኔትወርክ አድሚኒስትሬሽን፣ እሱ ሳይወሰድ ሴኩሪቲ የሚባለው አይደረስበትም። የቀን ተማሪ ኤፍ ቢያመጣ ከሌላ ክፍል ጋር ገብቶ ሊደግመው ይችላል፤ በኤክስቴንሽን ግን አንድ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈትበት ተቋም ብዙ ነው። በዚያ ላይ ተማሪ ካልሞላ አይከፈትም። አንድ ኤፍ በፕሮግራሚንግ ላይ ከወደቀ አንድ ዓመት ሙሉ ይወስዳል ማለት ነው። ስለዚህ ሥራ የበዛበት መንፈቅ መጥቶ አንድ ኮርስ ድሮፕ ማድረግ የግድ ከሆነብዎ የሚጥሉት ጂኦግራፊን ወይም ሳይኮሎጂን እንጂ ፕሮግራሚንግን አይሁን። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ የከበደውን ጥሎ የቀለለውን ይዞ ይቀጥልና በሦስተኛው ዓመት የሚመዘገብበት ኮርስ ያጣል።

ማታ ወይስ ቅዳሜና እሁድ? ከሥራ 11:30 ወጥተው፣ ታክሲ ተሰልፈው፣ 12:00 የሚጀምረው ክፍል 12:40 ላይ ቢደርሱ ለንድፈ ሐሳብ ኮርስ ብዙም አይጎዳዎትም፤ ያመለጠዎትን ከማስታወሻ ያነቡታል። ላብ ግን እንዲህ አይሆንም። ኮምፒውተሩ ተከፍቶ፣ ፓኬት ትሬሰር የተባለው የኔትወርክ መለማመጃ ሶፍትዌር ተጭኖ፣ ወርክሺቱ ታድሎ ሥራው ሲጀመር ሰዓቱ ያልቃል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ጭራሽ የለም። ከምሽቱ 2:30 ወይም 3:00 ላይ ወደ ቤት መመለሻ ትራንስፖርት ማግኘትም ሌላ ጣጣ ነው። በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ላቡ ሙሉ ሦስት ሰዓት ያገኛል፣ እርስዎም አእምሮዎ አርፎ ይገባሉ። ጉዳቱ በአንድ ቀን ሦስት የተለያየ ትምህርት ስለሚደራረብ ከሰዓት በኋላ ጆሮ መስማቱን እንጂ ማስገባቱን ያቆማል፤ ከእሁድ እስከ ቅዳሜ ባሉት ቀናት ደብተር ካልተገለጠ ደግሞ የተማሩት ሁሉ ይተናል። ሠርጉ፣ ማኅበሩና የዘመድ ጥየቃውም ቅዳሜና እሁድ ላይ እንደሚውል አይዘንጉ፤ ለአምስት ዓመት «ክፍል አለኝ» ማለት በቤተሰብ ዘንድ ቅያሜ ማምጣቱ አይቀርም፤ አስቀድሞ መንገሩ ይሻላል።

በእርስዎ ሁኔታ፣ ልጅዎ ትንሽ በመሆኗና ትምህርቱ የላብ ትምህርት በመሆኑ፣ እኔ ቅዳሜና እሁድን እመርጣለሁ። ይህን የምለው ግን ልጅዎ ከተኛች በኋላ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ምሽት ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ ከቻሉ ነው፤ ያም ቢሆን ከ10 ሰዓቱ ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ የቀረውን በቢሮ የምሳ ሰዓትና ሥራ በሚቀዘቅዝባቸው ጊዜያት መፈለግ ይኖርብዎታል። የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ውስጥ መሥራትዎ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል፤ ለመለማመጃ የሚሆን አሮጌ ስዊችና የተወገደ ኮምፒውተር ከአለቃዎ ፈቃድ ጋር ማግኘት ለሌሎች ተማሪዎች የማይታሰብ ዕድል ነው። በርቀት ትምህርት የመማር ሐሳብ ካለዎት ለዚህ ሙያ አልመክረውም።

ተቋም ሲመርጡ የግል ከሆነ የዕውቅና ፈቃዱን ያጣሩ። ፈቃዱ ለተቋሙ በጅምላ የሚሰጥ ሳይሆን ለየትምህርት ዘርፉ፣ ለየካምፓሱና ለየትምህርት አሰጣጡ ተለይቶ የሚሰጥ ነው፤ አንድ ኮሌጅ መገናኛ ባለው ካምፓስ በአካውንቲንግ ፈቃድ አለው ማለት ሌላ ቦታ በአይቲ ያስተምራል ማለት አይደለም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የግል ተቋማትን ዳግም መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ ያለፈ ዓመት ፈቃድ ማየት በቂ አይሆንም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ትተው በባለሥልጣኑ ዘንድ ያጣሩ። የራስዎን የመግቢያ ማስረጃም እንዲሁ። ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ የሚገባ ሰው የሚጠየቀው መስፈርት በየጊዜው ሲሻሻል ቆይቷል፤ በዚህ ዓመት የሚሠራበትን መመሪያ ሬጅስትራሩ አውጥቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። መስፈርቱን ሳያሟላ የተመዘገበ ተማሪ ዓመታት ተምሮ ሲያበቃ ለመውጫ ፈተና ሲመዘገብ ወይም ማስረጃ ሲያረጋግጥ ችግሩ ይወጣል፤ «ግድ የለም፣ ይገባሉ» ያለው ሠራተኛ ያን ጊዜ ቦታው ላይ አይኖርም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይህ ስጋት ይቀንሳል፣ መምህራኑም የቀኖቹ ናቸው፤ እዚያ መጠየቅ ያለብዎ ቅዳሜና እሁድ ላቡን የሚከፍት ረዳት ተመድቦ እንደሆነ ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ቁልፉ ጠፋ እየተባለ የላብ ክፍለ ጊዜ በንድፈ ሐሳብ የሚተካበት ቦታ ብዙ አይቻለሁ።

ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ወይስ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚለውን አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝ ለእርስዎ የመረጡት ይሻላል እላለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ በሒሳብና በአልጎሪዝም ይከብዳል፣ አይቲ ወደ ኔትወርክ፣ ወደ ሰርቨርና ወደ ዳታቤዝ አስተዳደር ያደላል፤ የሥራ ማስታወቂያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጠሩአቸዋል።

የመውጫ ፈተናው ለማታ ተማሪ የሚከብድበት ምክንያት ከጥያቄዎቹ ይልቅ ጊዜው ነው። የቀን ተማሪ ፕሮግራሚንግን ከተማረ ሦስት ዓመት ግድም ሆኖት ይፈተናል፤ እርስዎ ግን አምስት ወይም ሰባት ዓመት ሊሆንዎ ይችላል። ፈተናው ደግሞ የመጨረሻውን ዓመት ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ስትራክቸርን፣ ዳታቤዝን፣ ኔትወርክን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተምንና የሶፍትዌር ትንተናን ሁሉ ያካትታል። በመጨረሻው ዓመት በሁለት ወር ቲቶሪያል እሸፍነዋለሁ የሚለው አካሄድ ለማታ ተማሪ አይሠራም። እያንዳንዱ ዋና ኮርስ ሲያልቅ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ በራስዎ ቋንቋ 15 ገጽ የማይበልጥ ማስታወሻ ያዘጋጁ፤ ከመምህሩ ስላይድ የተገለበጠ ሳይሆን የተሳሳቷቸውን ጥያቄዎችና የተስተካከለውን መልስ የያዘ ይሁን። ከላይ የጠቀስኩት የ78 እና የ78.33 ጉዳይ እዚያ መግባት ያለበት ዓይነት ነው። በየክረምቱ አንድ ሳምንት መድበው የቆዩትን ያንብቡ። ለፈተናው የሚወጣውን የየዘርፉን ብሉፕሪንት ከትምህርት ክፍልዎ ገና በሁለተኛው ዓመት ይውሰዱ፤ የትኛው ኮርስ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሲያዩ ጉልበትዎን የት እንደሚያውሉ ያውቃሉ።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም፣ ሙያዎ ነውና። 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ እስከ መጨረሻው ያደርስዎታል፤ ባትሪው ግን ደህና ይሁን። ትላልቅ የመጫኛ ፋይሎችን በሌሊት ጥቅል ያውርዱ።

የመመረቂያ ፕሮጀክት የቡድን ሥራ ነው፤ የማታ ቡድን ደግሞ ይበታተናል፣ አንዱ ይዛወራል፣ ሌላው ይጠፋል። በዚህ የተነሣ የተዘጋጀ ፕሮጀክት ገዝቶ ማቅረብ በየኮሌጁ አካባቢ ንግድ ሆኗል። ፈታኙ አንድ መስመር ኮድ እንዲያብራሩ ሲጠይቅ የሚፈጠረውን ዝምታ ለሌሎች ይተዉላቸው። እርስዎ ችግሩን ከራስዎ ቢሮ ያምጡ፤ በክፍለ ከተማው ያሉ ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሮች መቼ እንደተገዙ፣ ስንት ጊዜ እንደተጠገኑ፣ የትኛው ዕቃ እንደተለወጠላቸው የሚመዘግብ ሥርዓት ይሥሩ። የዚያን ሥራ አካሄድ ከማንም በላይ ያውቁታል፣ መረጃውም በእጅዎ ነው፤ ሰንጠረዦቹን ለመንደፍ ከዳታቤዝ ኮርሱ ጊዜ ጀምሮ ማሰብ ይችላሉ።

ምዝገባው መስከረም ላይ ከሆነ እስከዚያ ያለውን ጊዜ ራስዎን ለመፈተን ይጠቀሙበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በነፃ የሚሰጥ ሲሆን የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ኮርስ አለበት፤ ሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚም ነፃ የኔትወርክ ኮርስና ፓኬት ትሬሰርን ይሰጣል። የፕሮግራሚንጉን ኮርስ ይጀምሩና ሦስቱ ምሽቶች በእርግጥ መገኘት አለመገኘታቸውን ይዩ። ከተገኙ በሦስት ኮርስ ይመዝገቡ፤ ፕሮግራሚንግ ከተከፈተ እሱን ይጨምሩ። ካልተገኙ ልጅዎ እስክታድግ ብለው ዓመት ማስተላለፍ አያስፈልግዎትም፤ ተቋሙ የሚፈቅድ ከሆነ በሁለት ኮርስ ይጀምሩ፣ ፕሮግራሚንግ ከተከፈተ ግን ከሁለቱ አንዱ እሱ ይሁን። መሥሪያ ቤትዎ የትምህርት ወጪ የሚሸፍን ከሆነም የግዴታ ውሉ ላይ ከምረቃ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚያስገድድና ትምህርቱ ቢቋረጥ ወጪው እንዴት እንደሚመለስ የሚሉትን አንቀጾች ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ።